ቆሽቱ ያረረ ሰው በእንግሊዝኛ ምን ይላል?



የስሜንን ተራሮች በእግሩ የሚጎበኝ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ያልፋል። ጊዜና ጉልበት ያለው ግን በመጣበት አይመለስም፤ በሶና፣ በመካረቢያና በሙሊት አድርጎ ቁልቁል ይወርድና አዲ አርቃይ ላይ ከአውራ ጎዳናው ይገናኛል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ በዚህ መንገድ ስንቱ ፈረንጅ ወርዷል። አስጎብኚውም፣ ስካውቱም፣ ባለበቅሎውም፣ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላውም ልጅ እንግሊዝኛን የሚያገኙት እንግዲህ በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛው ደክሞት፣ አቧራ ለብሶ፣ አንዳንዴም ተነጫንጮ በእግሩ ይመጣባቸዋል።

ጨነቅ ላይ ከፍታው ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ ድንኳን ውስጥ ያደረ እንግዳ ማለዳ ተነሥቶ «ማይ ፊት አር ኮልድ» ቢል እግሩ በርዶታል፤ ካልሲ ወይም እሳት ይሻል። «አይ አም ጌቲንግ ኮልድ ፊት» ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትናንት ማታ ራስ ደጀንን ካልወጣሁ ብሎ ሲፎክር የነበረው ሰው ሌሊቱን ወኔው ከድቶታል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሰው እሳት ዳር ማስቀመጥ ይበቃል፤ ሁለተኛውን ቁጭ ብሎ ማነጋገር፣ ምናልባትም መንገዱን ማሳጠር ያስፈልጋል። ቃላቱ ያው «እግር» እና «ቀዝቃዛ» ናቸው፤ የአስጎብኚው ሥራ ግን ለየቅል ነው።

ስሜትንና ጠባይን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች በየትምህርት ቤቱ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ በሠንጠረዥ ነው፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ፍቺው። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ያጠቁራል፣ ክረምት ሲገባ ይረሳል። የዚህ ዲስኩር አቅራቢ የስሜት ፈሊጥ በሠንጠረዥ አይለመድም ባይ ነው። ሠንጠረዡ ስሜቱ በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚያድር፣ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሚናገረው አይነግርም። ደግሞስ አማርኛ ተናጋሪው ይህን ትምህርት ባዶ እጁን መቼ ይጀምረዋል? አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» የሚለውን መጽሐፋቸውን በ1979 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የሰበሰቡት ሀብት በየቤቱ፣ በየገበያውና በየለቅሶው የሚነገር ነበር። ሁለቱም እንግሊዝኛን አሳምረው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። አምሳሉ ሞስባክ ከተባሉ ሰው ጋር ሆነው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተዋል፤ ዳኛቸው ደግሞ «አደፍርስ»ን በአማርኛ ከጻፉ በኋላ በእንግሊዝኛ ልቦለድ ደርሰው እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትመዋል። ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ማየት የለመዱ ሰዎች የአማርኛውን ፈሊጥ መሰብሰባቸው ያለ ነገር አይመስልም።

ጎን ለጎን ሲታዩ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የሆድ ዕቃው ነው።

አማርኛ ስሜቱን አብዛኛውን ከደረት በታች ያኖራል። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ባር ባር ይላል፤ ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ በትንሹ የሚያኮርፈው ሆደ ባሻ ይባላል። የሚወዱትንም ሰው «ሆዴ» ብለው ይጠሩታል፤ ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ አፍቃሪ ምን መልስ እንደሚጠብቀው መገመት አይከብድም። አንጀት የርኅራኄና የእርካታ ቤት ነው፦ የተራበ ሕፃን አንጀት ይበላል፣ መልካም ወሬ አንጀት ያርሳል። እንግሊዝኛውም አንጀትን ያውቃል፤ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው የሚጠራው። «ሂ ሃዝ ጋትስ» የተባለለት ሰው ሩኅሩኅ ሳይሆን ደፋር ነው። አማርኛ ለዚህ ድፍረት የሚጠራው ሐሞትን ነው፤ ጀግናው ሐሞተ ኮስታራ፣ ፈሪው ሐሞተ ቢስ፣ የደነገጠው ሐሞቱ የፈሰሰ ነው። ታዲያ እንግሊዝኛ ሐሞትን ምን አደረገው? «ሂ ሃድ ዘ ጎል» ይላል፤ የኳሱ ጎል አይደለም። ትርጉሙ ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ ያልተገባ ነገር አደረገ፣ ዓይነ ደረቅ ሆነ ነው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ዕቃ በአንዱ ቋንቋ ክብር፣ በሌላው ነውር ይሆናል። አንድ የስሜን ልጅ አያቱን ሊያሞግስ «ሐሞት ነበረው» የሚለውን ቃል በቃል ቢመልስ አያቱን ያዋረደ ነው የሚመስለው።

ልብም ያሳስታል፤ በሁለቱም ቋንቋ ልብ ስላለ ሰው አይጠነቀቅም። በእንግሊዝኛ «ሂ ሃዝ ኖ ሃርት» የተባለ ሰው ጨካኝ ነው። በአማርኛ «ልብ የለውም» የተባለ ሰው ግን ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ዝንጉ ነው፣ አያስተውልም፣ ገና ልጅ ነው። የአማርኛ ልብ ያስባል፤ «ልብ በል» የሚለው አባባል የሚጠይቀው ማስተዋልን እንጂ ማዘንን አይደለም። የተማሪውን ዝንጉነት ለውጭ አገር ሰው ለማስረዳት የፈለገ መምህር በዚህ ፈሊጥ ከተጠቀመ ምስኪኑን ልጅ አውሬ አድርጎት ያርፋል።

ቁጣ ላይ ሲደረስ ሁለቱ ቋንቋዎች ተቀራርበው ይለያያሉ። ጆርጅ ላኮፍና ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ታዋቂ መጽሐፍ ሰው የማይጨበጠውን ነገር በሚጨበጠው እየመሰለ እንደሚያስብ አሳይተዋል። ከእነሱ ወዲህ የመጡ አጥኚዎች ደግሞ በእንግሊዝኛ ቁጣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እንደሚፈላ ውሃ ተደርጎ እንደሚነገር በሰፊው ጽፈዋል። ደም ይፈላል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ ክዳኑ ይፈናጠራል። «ሌት ኦፍ ስቲም» የሚለው ፈሊጥ የእንፋሎት ሞተር ዘመን ልጅ ነው፤ ሞተሩ እንዳይፈነዳ ትርፉ እንፋሎት በቀዳዳ ይለቀቃል፣ የተናደደም ሰው እንዲሁ ጮኾ ይቀልለዋል። አማርኛም ደሙ ፈላ ይላል። በይበልጥ የሚወደው ግን ደረቁን እሳት ነው፦ አረረ፣ ደበነ፣ በገነ፣ ተንጨረጨረ። ቆሽት ያርራል እንጂ አይፈነዳም። ቆሽቱ ያረረ ሰው ቁጣውን ይዞት ይቀመጣል፤ አለቃው ፊት ቆሞ «እሺ ጌታዬ» ሲል ውስጡ ይከስላል። ይህን ሰው «ብሎው ሂዝ ቶፕ» ከሚለው ፈሊጥ ጋር ያጋጠመ ሠንጠረዥ ተሳስቷል፤ ያ ፈሊጥ ጠረጴዛ ለሚደበድብ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሐኪም ቤት ወሬ ጣል ማድረግ ይቻላል። እንግሊዝኛ ንዴትን ለማውጣት «ቬንት ሂዝ ስፕሊን» የሚል አሮጌ ፈሊጥ አለው፤ ስፕሊን ጣፊያ ነው። የቆሽት ጅራት ደግሞ በሰውነት ውስጥ ተዘርግቶ የሚደርሰው ጣፊያ አጠገብ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይማከሩ ንዴታቸውን ጎረቤት ለጎረቤት ማስቀመጣቸው ያስገርማል። ፊንላንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናታቸው ከፊንላንድ፣ ከስዊድንና ከታይዋን 701 ሰዎችን ስሜት በሰውነታቸው የት እንደሚሰማቸው በሥዕል እንዲያሳዩ ጠይቀው ነበር። የተገኘው ካርታ በየአገሩ ተቀራራቢ ነበር። የሰው አካል የሚሰማው ያው ከሆነ፣ ጣፊያ ይጠራ ቆሽት የሚወስነው ቋንቋው ነው።

ጥጋብስ? «አይ አም ፌድ አፕ» የሚለውን ቃል በቃል የተረዳ ሰው እንግዳው በልቶ የጠገበ ሊመስለው ይችላል። እንግሊዝኛ ከልክ በላይ መጥገብን የመሰልቸት ምሳሌ አድርጎታል፤ በቃኝ፣ አንገሸገሸኝ ማለት ነው። በእኛ አገር ግን የጠገበ ሰው አይሰለቸውም፤ ሌላውን ያሰለቻል እንጂ። «ጠግበሃል!» የሚለው ተግሣጽ ለባለጌና ለማን አለብኝ ባይ የተጠበቀ ነው። ረኀብ ደጋግሞ በጎበኘው ደጋ የጥጋብ ቃል የትዕቢት ስም ቢሆን ብዙ አያስደንቅም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ በአዲ አርቃይ መንገድ ሲያልፍ የአስጎብኚዎች ዘመን የመጀመሪያው አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በአዲ አርቃይ በኩል የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ነው። መንገዱ የዚያን ጊዜ የጎንደርና የምጽዋ ነጋዴዎች ዋና ጎዳና ነበር፤ አሞሌ ጨውም ይመላለስበት ነበር። ብሩስ አገሩ ገብቶ ያየውን ሲያወራ የለንደን አዋቂዎች አላመኑትም። ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል ማለቱ ብቻውን ለመሳለቂያ በቃ። ወሬውን «ዊዝ ኤ ፒንች ኦፍ ሶልት» ወሰዱት ይባላል በዛሬው እንግሊዝኛ፤ በቁንጥር ጨው፣ ማለትም በጥርጣሬ። አምስት ቅጽ የሆነው መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ ተጓዦች ከተናገረው ብዙውን እውነት ሆኖ አግኝተውታል። ጨው ገንዘብ በሆነበት ጎዳና ያለፈውን ሰው ለመጠራጠር ጨው መጠራቱ፣ ነጋዴዎቹ ቢሰሙት፣ ብክነት መስሎ በታያቸው ነበር።

ከዚህ ምድር ወደ እንግሊዝም የሄደ አለ። የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅና የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ። አባቱ በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም በ1855 እ.ኤ.አ. ዘውድ የጫኑት የልጁን አያት ውቤን ድል አድርገው ነው። ከመቅደላ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ልጁን እንግሊዞች ሲወስዱት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እናቱም በመንገድ ሞተችበት። ራግቢ በተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተማረ። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት ወንድ ልጅ እንዳያለቅስ፣ ናፍቆቱን እንዳይናገር ያሠለጥን ነበር። ለዚህ ጠባይ «ስቲፍ አፐር ሊፕ» የሚል ፈሊጥ አለ፤ የላይ ከንፈር አለመንቀጥቀጥ ማለት ነው። እንግሊዞች የራሳቸው መታወቂያ ቢያደርጉትም ፈሊጡ ቀድሞ በጽሑፍ የተገኘው አሜሪካ ነው። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ሊድስ ውስጥ ሞተ። ሞግዚቱ የነበረው አማርኛ ተናጋሪ ሻምበል ስፒዲ ከጎኑ ከተለየ በኋላ አፍ የፈታበት ቋንቋ ርቆታል። የእንግሊዝ ትምህርት ቤት የሆድ ቋንቋውን ወስዶ የከንፈር ቋንቋ ሰጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ዋና የውጭ ቋንቋ የሆነው ከጣሊያን መውጣት በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ቦታው የፈረንሳይኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ከ270 በላይ ሆነው ሲመጡ ደግሞ የአሜሪካ አነጋገር ወደ ክፍለ ሀገር ክፍሎች ዘለቀ። የብሪታንያ መጽሐፍ በአሜሪካዊ አፍ ይነበብ ጀመር። ይህ ድብልቅ እስከ ዛሬ ተማሪውን ያደናግራል። «ማድ» ለአሜሪካዊ የተናደደ፣ ለእንግሊዛዊ ይበልጡን ያበደ ነው። «ፒስት» አሜሪካ ውስጥ መናደድ፣ እንግሊዝ ውስጥ መስከር ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ስድ ቃል ስለሆነ እንግዳ ፊት አለመናገሩ ይመረጣል።

አሜሪካኖቹ ይዘውት ከመጡት አንዱ የአኩራፊ ሰው ስም ነው። በትንሽ በትልቁ የሚከፋ፣ ተናቅሁ ብሎ ጠብ የሚፈልግ ሰው «ሂ ሃዝ ኤ ቺፕ ኦን ሂዝ ሾልደር» ይባላል። ቺፕ የእንጨት ስንጣሪ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካ ልጆች ጠብ ሲያምራቸው ትከሻቸው ላይ ስንጣሪ ያስቀምጡና ወንድ የሆነ ይጣለው ይሉ ነበር። ይህን ለአዲ አርቃይ ልጅ ለማስረዳት ሥዕል አያስፈልግም። ሁለት ልጆች ሲፋጠጡ ሦስተኛው አፈር በሁለት ክምር አድርጎ «ይኼ የእናትህ ጡት ነው፣ ያ የእናቱ ጡት ነው» ብሎ የሚያጋጥምበትን ጨዋታ ያላየ ማን አለ? ክምሩን የረገጠ ጠቡን ጀመረ። የጨዋታው ሕግ አንድ ነው፤ እኛ ጋ ግን ጨዋታው ፈሊጥ ሳይሆን ቀረ፣ እነሱ ጋ ፈሊጡ ተርፎ ጨዋታው ጠፋ።

ዛሬ የስሜት ፈሊጥ በብዛት የሚሰማው ከመጽሐፍ ይልቅ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ የሚያይ ወጣት ከጨዋታው በኋላ የሚደረገውን ቃለ ምልልስ ድምፁን ሳይቀንስ ቢሰማ ጥሩ ክፍል ገባ ማለት ነው። ያሸነፈው «ኦቨር ዘ ሙን» ነው፤ ከጨረቃ በላይ፣ ጮቤ ረግጧል። የተሸነፈው «ጋትድ» ነው፤ ሆድ ዕቃው እንደ ዓሣ ወጥቶ ተጥሏል፣ ቅስሙ ተሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእንግሊዝ አሠልጣኞች «ኦቨር ዘ ሙን»ን ከመደጋገማቸው የተነሣ ጋዜጦች መቀለጃ አድርገዋቸው ነበር። ስለዚህ ይህን ፈሊጥ ሲሰሙ መረዳት ግዴታ ነው፤ በሥራ ማመልከቻ ላይ መጻፍ ግን ያስቃል። ፈሊጥ ዕድሜ አለው። በኢትዮጵያ ክፍሎች ትውልድ የተሻገረው የ«ድመትና ውሻ ዘነበ» ፈሊጥ ዛሬ ከወጣት እንግሊዛዊ አፍ እምብዛም አይሰማም።

የሚከብደው ግን ፈሊጥ የማይመስለው ፈሊጥ ነው። ከተራራው የወረደ እንግሊዛዊ፣ እራቱ እንዴት ነበር ሲሉት «ኖት ባድ» ካለ የምግብ ቤቱ ባለቤት ቅር ሊላት አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ምስጋና ነው። «ኳይት ጉድ» ካለ ግን ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይበጃል፤ ለአሜሪካዊ በጣም ጥሩ፣ ለብዙ እንግሊዛውያን ደግሞ ደህና ነው፣ ምንም አይልም እንደማለት ነው። «አይ አም አፍሬይድ» የሚለው አባባልም በሆቴልና በቢሮ ከፍርሃት ጋር ዝምድና የለውም። «አይ አም አፍሬይድ ዊ አር ፉል» ያለች እንግዳ ተቀባይ አትፈራም፤ አልጋ የለንም፣ ይቅርታ እያለች ነው። በሰምና ወርቅ ያደገ ሕዝብ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ አማራው ነገሩን ሸፍኖ መናገሩን ሰፊ ጉዳይ አድርጎ ጽፏል። እንግሊዞችም ይሸፍናሉ። የእነሱ ሽፋን ግን በኅብረ ቃል ሳይሆን መጠኑን ዝቅ በማድረግ ነው፤ ትልቁን ነገር ትንሽ አስመስለው ያቀርባሉ። ጎንደር አዝማሪ ቤት ወርቁን ፈልጎ የሚያገኝ ጆሮ እዚህ የሚፈልገው የተደበቀ ቃል ሳይሆን የተቀነሰ መጠን ነው።

አንድ ቃል ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። «ሼል ሾክት» በዛሬው እንግሊዝኛ በጣም ደነገጥሁ ለማለት በዋዛ ይነገራል፤ ቡድኑ በአራት ጎል የተሸነፈበት ሰው እንዲህ ይላል። ቃሉ የተወለደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ነው፤ ቻርልስ ማየርስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 በሕክምና መጽሔት ላይ የጻፈው ከመድፍ ተርፈው ስለሚንቀጠቀጡ፣ ማየትና ማስታወስ ስለተሳናቸው ወታደሮች ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ወደ አዲ አርቃይ ሲገባ እዚህ የነበረ ሰው ይህን ቃል በኳስ ወሬ ሲሰማው ቀልዱ ላይጥመው ይችላል። ለፈተና የቃሉን ቀላል ትርጉም ማወቅ ይበቃል፤ መምህሩ ግን ታሪኩን ቢነግር ተማሪው ቃሉን የት እንደማይጠቀምበት ያውቃል።

ታዲያ ክፍል ውስጥ ምን ይደረግ? ሠንጠረዡን ገልብጦ መጀመር ይቻላል። መምህሩ ከእንግሊዝኛው ዝርዝር ፈንታ ተማሪዎቹን ከቤታቸው፣ ከአያቶቻቸው አፍ አንድ አንድ የስሜት አነጋገር እንዲያመጡ ይላካቸው፤ ማን፣ ለማን፣ በምን ምክንያት እንደተናገረው ጭምር ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛው አቻ ይፈለግ። ግማሹ በቀላሉ ይገጥማል። ዓይኑ ደም ለበሰ ከ«ሲ ሬድ» ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ በነገራችን ላይ ፈረንጆቹ ፈሊጡን ከቀይ ጨርቅ ጋር ከሚታገለው በሬ ጋር ያያይዙታል፣ በሬ ግን ቀይን እንደ ሰው ለይቶ አያይም። የቀረው ግማሽ አይገጥምም፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ነው። ሆድ ባሰኝን እንውሰድ። «ሳድ» አይደለም፣ ቂምም አይደለም፤ በደልና ብቸኝነት፣ አይዞህ ባይ ማጣትም አለበት። እንግሊዝኛ «ፊሊንግ ሶሪ ፎር ሂምሰልፍ» ይላል፤ እሱ ግን ንቀት አለው፣ ራሱን ያሞላቅቃል እንደማለት ነው። አማርኛ ሆድ የባሰውን ሰው አይንቅም፤ ይፈራዋል፣ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይላል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ፈሊጥ ፍለጋውን ትታ «አይ ዎዝ ሃርት፣ አንድ ኖባዲ አስክት» ብላ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብትጽፈው፣ ተጎዳሁ፣ የጠየቀኝም የለም ብላለችና፣ መምህሯ ሙሉ ነጥብ ሊሰጣት ይገባል።